ከመርሳ መነኻሪያ

በሩን አልዘጋሁም፣ ገርበብ አድርጌዋለሁ፣
ማጠፊያው እንዳይጮህ ዘይት ቀብቼዋለሁ።
ትናንት ነው የቀባሁት፣ አንተ ራት ስትበላ፣
ቀና ብለህ አላየህ ከሰሃንህ ሌላ።

ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣
የመስኖው ተራችን ለሐሙስ ደርሶናል፣
አካፋው ከጓሮ ካጥር ሥር ተጋድሟል።
(የት እንደሚቀመጥ ማን ነግሮህ ያውቃል?)
የያዝኩት መቀሴን፣ የክር ቆርቆሮዬን።
ሸሚዝህ ተሰቅሏል፤ ሦስተኛ ቁልፉን
ማታ ተክቻለሁ። አታየውም እንጂ።

ሻሼን ስታልባት ስሟን እየጠራህ፤
ይህንስ ታውቃለህ፣ ስም አውጪዋ አንተ ነህ።
ቦራና ዳለቻ ከእርሻ ሲመለሱ
"ጎሽ፣ ጎሽ" ይባላሉ፣ እየተዳበሱ።
አህያዋም እንኳ እሜቴ ነው ስሟ፤
እኔ ግን አንቺ ነኝ።
አንቺ ውሃ። አንቺ ጫማ።
አሥራ አንድ ክረምት ስሜን ሳልሰማ።

ወባ የጣለህ ለታ፣ ከቃሬዛው ጎን እየሮጥኩ
ጤና ጣቢያ ደርሰን፣ "ይቺ ማናት?" ብትል ነርሷ
"አብራኝ የመጣች ናት" አልካት።
እውነትህን ነው ሙሄ፣
አብሬህ መጣሁ እንጂ አብረኸኝ አልመጣህ።

ወላሂ፣ በትር አላነሳህብኝም።
ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ሆነው
"ምን አጠፋ?" ቢሉኝ "ምንም" ነው የምለው።
ምንም ነው ጥፋቱ፣
ያውም በየለቱ።

ይህን ሁሉ ችዬው በኖርኩ ነበር።
ባለፈው ጁምዓ ግን፣ ከመስጊድ ስትመለስ፣
ነጃትን ጠራሃት፣ "አንቺ!" ብለህ።
ልጅቷም "አቤት" አለች።
አምስት ዓመቷ ነው።
ያን ቀን ነው ዘይቱን የገዛሁት።

መርሳ መነኻሪያ፣ የኮምቦልቻው ሚኒባስ
ፓፓያ ይጭናል ጣራው እስኪጎብጥ።
ስም መዝጋቢው ልጅ፣ እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ፣
"እህት፣ ስም?" ሲለኝ
ምላሴ ሲጢጥ አለ እንዳሮጌ ማጠፊያ።
"ሉባባ" አልኩት። "ሉባባ ይማም። ይቺ ደግሞ ነጃት።"
"ሉባባ ይማም! ነጃት! መስኮት ዳር፣ ግቡ!"
ጮኸ ልጁ፣ መነኻሪያው እስኪሰማ።

መርሳ ላይ ያገባች ማን ያስታውሳታል?
ይኸው ሚኒባሱ ሞላና ተነሳ፣
ከኋላዬ ቀረች ከነስሟ መርሳ።
ሙሄ፣ ረፍዷል አሁን፤
ሻሼ ግቷ ሞልቷል፣ ማለቡን አትርሳ።