የአሳንሰሩ ገመድ

ሃያ ሁለት ዓመት አሳንሰር ሲነዳ፥
ከቫልፓራይሶ ወደብ እስከ ኮረብታው ሜዳ፥
አቤላርዶ ወንድሜ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም ነበር፤
እኔ ከታች ትኬት፥ እሱ ከላይ መዘውር።

ታዲያ አንድ ማለዳ፥ በሚያዝያ ጉም፥
ካቢናው ቀጥ አለ ከዳገቱ መሐል፤ አይወጣም፥ አይወርድም።
አሥራ አንድ ተሳፋሪ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ፥
ወንድሜ ያለቅሳል እጁን ፍሬን ላይ ጥሎ።

ሰፈሩም ፈረደ። «ወይን ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤
«ስንፍና ነው» አለ ጡረተኛው መርከበኛ፥ ራሱ ሌሊት የሚጮኸው፤
«ደግመውበት ነው» አሉ አክስታችን ብሪሂዳ፥
ጨው በትነው ሄዱ ከመዝጊያ እስከ ጓዳ።

እኔ ግን ቆጠርሁ፥ ጣት አልበቃኝ አለ፤
አባታችን በየክረምቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም እንዳለ፤
እሳት ከኮረብታው ወርዶ፥ በአንድ ሌሊት ነፋስ፥
ቤቱን ከነፎቶው፥ ከነልጆቹ ጫማ፥ አመድ አርጎት ሲመለስ፤
ልጁ መዳብ ሊቆፍር ወደ በረሃው ነጉዶ፥
ስልኩ ከሳምንት ወደ ወር፥ ከወር ወደ ገና ወርዶ፤
ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ፥ በሌት ሁለት ሰዓት እንቅልፍ፥
ዕዳው ከደመወዙ፥ ቀኑ ከጉልበቱ ሲያልፍ።

«የቱ ነው?» ብዬ ያዝኋት ሐኪሟን፥ ሂሜናን።
«ይኼ ሽቦ» አለች፥ በመስኮት እያሳየች፥
«ስንት ክር ነው?»
«መቶ አሥራ አራት» ስላት ጥቂት ዝም ብላ ቆየች።
«አንዱ ሲበጠስ ማን ያያል? ሌላው ይሸከምለታል፤
አንዳንዱ ሲሠራም ቀጭን ነው፤ ዝገትም ከውስጥ ይበላል።
እና የመጨረሻውን ክር ብቻ ይዘሽ
‹አንተ ነህ!› ብለሽ ትፈርጂበታለሽ?»

ክኒኑ ፈጥኖ አልሠራም። የመጀመሪያው አንቀጠቀጠው፤
ሁለተኛው በስድስት ሳምንቱ ከሌሊቱ ላይ አራት ሰዓት እንቅልፍ ቆርሶ ሰጠው።
ማክሰኞ ማክሰኞ ከሐኪሟ ፊት ተቀምጦ፥
ያልተናገረውን እሳት ተናገረው፥ ቃል በቃል አምጦ።
ዶሚቲላ ዓሣ ሻጯ ደግሞ፥ ምክር የማታውቅ፥
ከደጃፉ በርጩማ ስባ ቅርፊት ስትፍቅ፥ ስትፍቅ፥
«ባልዲ አቀብለኝ» ትለዋለች፤ ሌላ ቃል የላት።
ተነሥቶ ያቀብላታል። የዚያ ቀን ጉልበቱ ያቺው ናት።

እኔስ? አንድ ማታ፥ ፈርቼ፥ ምራቄን ውጬ፥
ጠየቅሁት ፊት ለፊት፥ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ፦
«መሞት ትፈልጋለህ?»
ብዙ ዝም ካለ
በኋላ፥ «አዎ» አለ።
«እስከ ዛሬ ግን ማንም አልጠየቀኝም» አለ።
ያን ሌሊት ሐኪሟን ጠራናት፤ እስኪነጋ አብሬው ነበርሁ፤
«ቃሉ ይገድለዋል» ያሉኝን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁ።

ድኗል አልልም። ሐምሌ ሲመጣ ፊቱ ዛሬም ይከብዳል።
ግን ሥራ ገብቷል፤ ጧት ጧት ገመዱን በጨርቅ ያብሳል፤
ጨርቁ ከተያዘ፥ ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤
ዓይን የሳተውን ስብራት ጨርቅ ነው የሚያገኘው።

ትላንት በትኬቱ መስኮት፥ «እንዴት አደርሽ?» አለኝ።
«ደህና» አልሁት።
አላለፈም።
በዚያ በጨርቅ እጁ፥ ቀስ ብሎ፥ ድምፄን ዳሰሰው፤
አንድ ቦታ ላይ ያዘው።
በርጩማውን ሳበ።
«የቱ ጋ ነው?» አለኝ።