ግራ የማይዞረው

ኮዬ ፈጬ ጠርዝ ላይ፣ ብሎኩ ከሚያልቅበት፣
አስፋልቱ ደክሞት ጭቃው ከሚረከብበት፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፣ የቆርቆሮ ጌም ቤት።
ሁለት ስክሪን፣ ሦስት ወንበር፣ አራት የላላ ጆይስቲክ፤
አንደኛው ግራ አይዞርም፣ እሱ የደረሰው ልጅ
በቀኝ ዞሮ ዞሮ ግራው ዘንድ ይደርሳል።
ዐሥር ደቂቃ ዐሥር ብር።
ዱቤ የለም ብዬ በካርቶን ጽፌያለሁ፣
ጽፌ ስጨርስ ደግሞ አበድራለሁ።

ዛሬ አዲስ ጨዋታ፤
በረዷማ ተራራ፣ ከአናቱ ላይ ግንብ፣
የብረት በር፣ በሩ ላይ ዘበኛ፣
ዘበኛው ወገብ ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ።
«ግባ» ይላል ጽሑፉ። እንዴት እንደሆነ ትንፍሽ አይልም።

ፊራኦል ቸኩሏል፣ ሲፈጠርም ቸኩሏል፤
ሰይፉን መዞ ሄዶ ከበሩ ፊት ሞቷል።
ተነሣ። ሞተ። ተነሣ። ደግሞ ሞተ።
በስድስተኛው ዘበኛው ሰለቸው መሰለኝ፣ በሩ ተከፈተ።

ሐይደር ሳጥን በርሜል ላይ፣ በርሜል ሳጥን ላይ ከምሮ
ወጣበት ግንቡን በጓሮ ዞሮ።
«ማን አስተማረህ?» ስለው፣ «መወጣጫ ነዋ!» አለኝ፤
የግንበኛ ልጅ ነው፣ ዐይኑን ሳይነቅል ናቀኝ።

ኡርጂ ሰይፍ አልነካች። ከዘበኛው ጋራ ወሬ ጀመረች፣
በአዝራር በአዝራር ቃል እየመረጠች።
«ብርድ ነው» አላት፤ ኮት ፈልጋ አመጣች።
ኮቱን ሊደርብ ሲል ቀበቶውን ፈታ፣
ቁልፉን አነሣችው አንድ ሰው ሳትመታ።

ትንሹ ሚልኪ ምንም አላደረገ፤
ቁጥቋጦ ሥር ገብቶ ሌሊት ፈለገ።
«ሰዓትህ አለቀ» ስል፣ «ሊያንቀላፋ ነው» አለኝ ድምፁን ቀንሶ፤
ጨመርኩለት እኔም፣ ሒሳቡ ጠፋኝ ጨርሶ።

እኔ ማትሪክ ስፈተን
ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ አራት ፊደል፣ አንድ እውነት።
ክቧን በእርሳስ አጥቁሩ፣ ከክቧ እንዳትወጡ።
በ«ለ» እና በ«ሐ» መካከል የቆመች መልስ ነበረችኝ፣
ክብ ግን አልነበራትም።
የወደቅሁት በእሷ ነው፤
ቢያንስ ለሰው የምነግረው እንዲያ ነው።

ይህን የሠራው ሰው የት አገር እንዳለ እንጃ፤
ሳጥኑን ከግንቡ ሥር በከንቱ አላስቀመጠም፣
ለዘበኛው ብርዱን በከንቱ አልሰጠም።

ደበላ ብር የለውም። ከመስኮቱ ውጪ
አገጩን ፍርግርጉ ላይ አሳርፎ ያያል።
ይህ ብሎክ ጤፍ ሳለ የአባቱ ማሳ ነበር ይላሉ።
«እትዬ ውድነሽ፣ ጠይቂያቸው እስቲ፣
ግንቡ ውስጥ ምን አለ?»
ሁሉም ዝም።
ፊራኦል ሦስቴ ገብቷል፤ ዞር ብሎ አላየም።
«በግራ በኩል ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ማዶ ሜዳ።
ግድ ነው እንዴ መግባት?»

አስገባሁት። የቀረው ጆይስቲክ ያ ግራ የማይዞረው ነበር።
በቀኝ ዞረ፣ ዞረ፣ ግንቡን ለጀርባው ሰጠው።
ዘበኛው አየው፤ ሥራው ማባረር ነው፣
በገዛ እግሩ የሚሄደውን ምን ያድርገው?
በረዶው አለቀ። ሣር ጀመረ። ወንዙ ድምፅ ነበረው፤
ለካ ስንጯጯህ ነው ያልሰማነው።
ልጆቹ ተነሥተው ከኋላው ቆሙ።
አንድ ድልድይ፣ አንድ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር አንድ

መብራት ሄደ።

«ሴቭ አርገኸዋል?» አለ ሐይደር በጨለማ።

በስልኬ ብርሃን ሸኘኋቸው፣ በሩን ሳብኩት።
የቻይና ጓጉንቸር፣ ጠቅ ሲል ነው ትዝ ያለኝ፣
ቁልፉ፣ የቤቴም ቁልፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።
ቆሜ ቆጠርኩ፤
ድንጋይ አለ። የሐይደር አባት መሰላል አላቸው።
የብሎኩ ዘበኛ ጋሽ ሸንቁጤ ጓጉንቸር በሽቦ ይከፍታል ይባላል፤
ኮቱ ስስ ነው፣ ብርዱ እንዴት ነው ብዬው አላውቅም።
መቆየትም ይቻላል።

ደበላ አልሄደም ነበር።
«ወዴት ነሽ?»
«ወደ ቤት።»
«በየት በኩል?» አለኝ።