ዳር ዳር

ከጎንደር ባሕር ዳር ሦስት ሰዓት ነው አሉ፣
አስፋልቱ ለስላሳ፣ አውቶቡሱ ሙሉ።
እኔ ግን ለመስቀል፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣
ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር፣ የሰው ሐሜት ሳልለካ፣
በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጯሂት አልፌ፣
ጎርጎራ እወርዳለሁ ሻንጣዬን አቅፌ፤
ጀልባ ልሳፈር።
ሁለት ቀን ልፈጅ፣
ቁንዝላ ላይ ላድር።

«ምን ነካህ መኳንንት?» ይላሉ ባልደረቦቼ፣
መዝገብ ቤት ከአቧራው፣ ከፋይሉ ጋራ ትቻቸው ስወጣ።
«መኪና ያመኛል» እላለሁ። ውሸቴን።
መኪናስ አያመኝም።
የሚያመኝ መድረስ ነው፣
ቶሎ መድረስ፤ ቃሌን ሳላሰናዳ፣
ፊቷ ቆሞ መቅረት፣ እጁን የት እንደሚያኖር እንደማያውቅ እንግዳ።

እንጉዳይ ባሕር ዳር ልብስ ትሰፋለች፣
ከገበያው ጀርባ፣ በሩ ሰማያዊ፣ ጠባብ ሱቅ ይዛለች።
ስድስት ዓመቴ ነው ሱሪ ላሳጥር ስሄድ ከጎንደር፣
እዚህ ሰፊ እንደሌለ፣ መርፌ እንደ ነጠፈ፣ እንዳለቀ ክር።
እየለካች፣ እየቀደደች፣ እያሳጠረችልኝ፣
እሷም አልጠየቀች፣ እኔም አልነገርኳት፣ ሱሪው አለቀብኝ።

ያን ሐሙስ ጀልባው ላይ
ሽንብራ በጆንያ፣ ሁለት ሙክት በግ፣ የሙሽራ አልጋ፤
ሻላ ከደንገሉ አንገት ሲዘረጋ።
ገና ደቅ ሳይታይ ሞተሩ አጓራ፣
አንዴ ሳል አለና ዝም አለ በተራ።
እምቦጭ።
አበባው ወይን ጠጅ፣ ለዓይን የሚያባብል፣
ሥሩ ግን የሞተሩን ክንፍ አንቆ አላዞር የሚል።
ረዳቱ ቢላውን በጥርሱ ነክሶ ውሃው ውስጥ ሲገባ፣
ካፒቴኑ ስድብ፣ ተሳፋሪው ምክር፣ በጎቹም ባ! ባ!

አጠገቤ ያለች ፈረንጅ ሴት ሣቀች።
ኢቺያር ነው ስሟ። «ባስክ ነኝ» አለች።
«ስፔን ነሽ?» ብላት፣
«አንድ እግሬ ፈረንሳይ» ብላ ዘለለችው።
በተሰባበረ አማርኛ፣ በእጅም በጣትም፣
«ሁለት ከተማ አለን፣ ሁለቱም ባሕር ዳር» ስትለኝ፣
«ባሕር ዳርስ አንድ ነው!» ልላት ምንም አልቀረኝ።

«እናቴ ቢያሪትስ፣ እኔ ሳን ሴባስቲያን።
በመሃል ድንበር አለ፣ የሚጠይቅ የለም።
አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።
ቅዳሜ እሄዳለሁ። ዝናብ። እሁድ እሄዳለሁ። ድካም።
ቅርብ ነው፣ የትም አይሄድም፣ ቅርብ ነው እያልኩኝ
ሦስት ዓመት አደረግሁ።»

«አሁንስ?» አልኳት።
ረዳቱን አየች፣ አረንጓዴ ገመድ ከውሃ የሚጎትተውን።
«አሁን ሩቅ አገር ነው የምሄደው» አለችኝ።
«ቅርቡ አለቀብኝ።»

ቁንዝላ። ትንኝ። የሰው ማንኮራፋት።
ጎርጎራ ዳር ነው፣ ባሕር ዳርም ዳር ነው፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ዳር ዳር ስል የኖርኩ ሰው
ያን ሌሊት ቃል ሰፋሁ፤
ተረተርኩት፤ ሰፋሁ።

እንጉዳይ ቀና አለች፣ መርፌ በከንፈሯ፣
ሣቅ ቢጤ ከዳሯ፤
«ዛሬስ የቱ ሱሪ?»
እኔም፦ «እምቦጭ ይዞን ነው የዘገየነው።»
ለእሷ ከነገርኳት ሁሉ
እውነት የነበረው ይኼ ብቻ ነው።

ተመለስኩ። ጎንደር ነኝ።
ቅዳሜ ነው ዛሬ፣ መዝገብ ቤት ዝግ ነው፣
ሌሊት የጣለው ዝናብ መናኸሪያው ጭቃ ላይ ሰማይ አንጥፎ ነው።
ሱሪ አልያዝኩ፣ ሰበብም፣ ቁልፍም ሆነ ክር፤
ጉዳይ የለኝም ከእንጉዳይ በቀር።

ወያላው በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፦
«ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!
አንድ ሰው የቀረው!»

ማን ነገረው?