የመግቢያ ደረሰኝ

ሮብ ገበያ ወረድን፣ እኔና ልጄ ስምረት፣
አንድ ፌስታል ዳቦ፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት።
«ፓርኩ በየት ነው?» ብንል ድንች ሻጯ ሳቀች፤
«እንጨት ልታዩ ነው?» ልጄን ትኩር ብላ አየች፤
«አይ የከተማ ሰው!» ከንፈሯን መጠጠች፣
በጣቷ ጠቆመችን፤ ሳንገዛም መረቀች።

ዳገቱ ሲያልቅ አጥር የሌለው በር አለ፣
በሁለት ግንድ መሃል ገመድ ያንጠለጠለ።
«የወይራ ገደል ፓርክ» ይላል ሰሌዳው፤
ከሥር በከሰል፦ «ፍየልም ክልክል ነው።»
ካፖርት የደረበ ትኬት ቆራጭ ወጣ፣
ካርቦኑን አስተካክሎ ደረሰኝ አመጣ፤
«ላዋቂ ሃያ ብር፣ ሕፃን አይከፍልም» አለ።
የልጄ ፊት ጠቆረ፤ ትዕግሥቷ ጎደለ፤
ከራሷ ቦርሳ ቆጥራ ሃያ ብር ሰጠች፣
በስሟ እንዲጻፍም ፊደሉን ነገረች።

አስጎብኚውም ራሱ ነው፤ ይርሳው ይባላል፣
ስም አወጡለት እንጂ እሱስ ምኑን ይረሳል?
«ይህ አምጃ፣ ይህ አስታ፣ ከላይ ያለው ጅብራው፣
ይህ ቀጋ ነው ልጄ፣ ይቧጥጥሻል፣ ራቂው።»
ዋሻው አፍ ስንደርስ ቆቡን አወለቀ፤
«በክፉ ቀን ሰባት ቤት እዚህ ተደበቀ፣
ጭሳቸው ይኸውላችሁ፣ ጣራው ላይ ደረቀ።»
ስምረት ጥቀርሻውን በጣቷ ጠረገች፣
«የማን ምሳ ነበር?» ብላ ጠየቀች።
ይርሳው ዝም አለን።
ጉሬዛ ከላይ ሆና ቅርፊት ጣለችብን።

እልፍ ስንል ሜዳ፤ ክብ፣ ሣር የለበሰ፣
ዙሪያው ድንጋይ፣ ድንጋዩ ሽበት የወረሰ።
ሌላ ሰሌዳ አለው፦
«ቅርስ ቁጥር ሦስት። ጥንታዊ አውድማ።
መርገጥ ክልክል ነው።»
ሳቄ አመለጠኝ። አውድማ ተለቅልቆ
ሳይረገጥ ሊኖር ነው በገመድ ተጠብቆ?

«የአንድ ቢተው የሚሉት ገበሬ ነው» ሲለኝ
እግሬ ቀድሞኝ አወቀ፤ ጉልበቴ ከዳኝ።
ቢተው አያቴ ነው።
ገለባው አንገቴን እየበላ ሲያሳክከኝ፣
የበሬ ኋላ ዙረት ራሴን ሲያዞረኝ፣
እሱ ላይዳ ይዞ ነፋስ የለመነበት፣
«ና ነፋሴ» እያለ እንደ ዘመድ የጠራበት…
ጥንት ማለት ለካ ሠላሳ ዓመት ኖሯል፣
ጥንት ማለት ለካ እኔንም ያውቀኛል።

«ታዲያ ለአያቴ ደጅ ሃያ ብር አስከፈልከኝ?»
ከአፌ አልወጣም፤ እሱ ግን ቀደመኝ፦
«ገና ከበሩ ላይ አፍንጫዎ ነግሮኛል፤
ደረሰኙ የወረዳ ነው፣ ካልቆረጥኩ ይጠይቀኛል፤
አውድማው ግን…» ብሎ ገመዱን ከፍ አረገ፣
ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ ጉሬዛ ፈለገ።

ስምረት ሦስት ዙር ሮጠች።
እኔ አንድ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ።

ስንመለስ ድንች ሻጯ አህያዋን ስትጭን
«እህ፣ እንጨቱ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችን።
«ደኅና ነው፤ ሰላም ብሎዎታል» አለች ልጄ።
አንድ ኪሎ ገዛናት፤
ደረሰኝ አልቆረጠችልን።