እሪ በከንቱ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ እድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድስቶቹ በላይ
ያጓራል ሰርቨሩ፣ ቀንና ሌት ሳይለይ።
ከምናለሽ ተራ ክዳኑ ወልቆ የመጣ ጉድ ነው፤
ሲግል ጎኑን ከፍተን በካርቶን ነው የምናራግበው።

ቀድሞማ መዝገባችን ባሕር ማዶ ነበር፣
በሰው ቤት፣ በዶላር።
«ካርድ» ሲባሉ ጋሽ መሸሻ፣ ገንዘብ ያዡ፣
የስልክ መስሏቸው ኪስ ኪሳቸውን ያዙ።
አንድ ማለዳ ስንከፍት ስማችን ሁሉ ጠፍቷል፤
«የኪራይ ቀንዎ አልፏል» ይላል።
የሟች ስም፣ የቀሪ ስም፣ የሰባት ዓመት ቅጣት።

«ቤት ያልመታ ግጥምና ቤት የሌለው መዝገብ አንድ ነው» አሉ ጋሽ መሸሻ፤
በማግስቱ ምናለሽ ተራ ወረድን፣ ለገዛ ቤት መነሻ።

ፕሮግራሙ አልተገዛም፣ አልተሰረቀም፤
ጌታ የለውም፤ ሜዳ ላይ የወደቀም አይደለም።
ደቦ ነው። አንዱ በሩን፣ አንዱ ቁልፉን፣ ሌላው የሌሊት ዘቡን
እየጻፈ አኑሮታል፤ ስሙንም አላውቅ፣ አገሩን።
የእድር ድስት በሉት፤ ማንም ያበስልበታል፤
ቀዳዳ ያገኘ ደፍኖ ይመልሰዋል።

ጳጉሜ ሁለት እትዬ ጌጤነሽ አረፉ።
ቀኑን ስጽፍ ማሽኑ እምቢ አለ፦
«ወር ከአሥራ ሁለት አይበልጥም።»
እንግዲህ በማሽኑ ሕግ እትዬ ጌጤነሽ አልሞቱም።
ውጭ ግን ድንኳኑ ቆሟል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣
ልጃቸው ደጁ ላይ በባዶ እጁ ቆሟል፣
ገንዘቡ የሚወጣው ስሟ ሲመዘገብ ነው።

ይባስ ብሎ መብራት ሄደ።
ባትሪው እሪ አለ፣ እሪ፣
የሰፈሬ ስም ያኔ ነው የከበደኝ።

በስልክ መብራት ኮዱን ገለጥኩት፣ እስከ አንጀቱ፤
ገበና የለውም፤ ስሕተቱም እዚያው ነው፣ ከነምክንያቱ።
አሥራ አንድ መስመር ጻፍኩ፦
አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ስድስት፣
ለልጁ ገንዘቡን ሰጥተን፣ እኔ መስመሮቹን
ወደ ደቦው ላክሁ።

በሠልስቱ መልስ መጣ፣ ከማላውቀው ሰው፦
«ገብቷል። አንድ ወር ረስተን ኖሯል፣ ይቅርታ።»
ያንን ፕሮግራም የጫነ ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣
በእትዬ ጌጤነሽ ሞት
ጳጉሜን አገኘ።

ጋሽ መሸሻ መነጽራቸውን አወለቁ።
«ስንት አስከፈሉሽ?»
«ምንም።»
«አንቺንስ ስንት ከፈሉሽ?»
«ምንም።»
«እድር ናቸዋ!» አሉ፣ ደብተራቸውን ከድነው።
ትንሽ ቆዩና፦
«ድንኳንስ አላቸው?»