የቀንበሩ ግራ

ከዶፊን ወጣ ብሎ፣ ማኒቶባ ሜዳ፣
ቀይ ጎተራ ቆሟል፣ የስንዴ ጎረቤት።
አምስት አምስት ዶላር ከፍለን እንደ እንግዳ
ገባን ከአባቴ ጋር፣ ካሮጌ ዕቃ ቤት።

አባቴ ጓንጉል ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ፤
ሞፈር ቀንበሩን ለአበልጁ አውሶ ነው መምጣቱ፣
«ለሰኔ እደርሳለሁ፣ እንዳትሰብርብኝ» ብሎ።
እዚህ ግን ያው ዕቃ፣ በገመድ ተከልሎ፣
«አትንኩ» የሚል ወረቀት ግንባሩ ላይ ተለጥፎ፣
አምፖል በርቶለት ቆሟል፣ ግድግዳ ተደግፎ።

«ምን አጥፍቶ ታሰረ?» አለኝ።
«አርጅቶ ነው።»
«ያረጀ ሁሉ ይታሰራል?»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አስጎብኚዋ ስቴላ ናት፣ ስቴላ ኮቫልቹክ፤
ሰማንያን ያለፈች፣ የምታወራውን በቃሏ የያዘች።
«አያቶቼ ከዩክሬን መጥተው፣ በዚህ ቀንበር
ሁለት በሬ ጠምደው፣ ጫካ መንጥረው ነበር…»
እኔ እተረጉማለሁ።
አባቴ አይሰማም። ገመዱን ዝቅ አድርጎ
ዳሰሰው፣ የታመመ ከብት እንደሚዳሰስ፣
ከቀኝ ወደ ግራ፣ እስከ ጫፉ ድረስ።
ከዚያ ተመለሰ። ግራው ላይ ቆየ።

«በዚያ በኩል በሬ ነው። በዚህ በኩል ሰው ነው» አለ።
«በሬ በጫንቃው ሲገፋ እንጨቱን ያለሰልሰዋል፤
ሰው ግን ይጨብጣል። ይኸው፣ መዳፍ የበላው።
ትንሽ መዳፍ ነው። የሴት።»

ነገርኳት።
ስቴላ መነጽሯን አወለቀች።
«ወረቀቱ ላይ የለም» አለች። «አያቴ ናት፤ ፓራስካ።
አንደኛው በሬ የሞተ ዓመት።
እንዳናወራ ነበር የተነገረን። በምን አወቀ?»

በምን አወቅህ?
አባቴ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው።
«በሰባ ሰባት፣ ቦራን ድርቁ ሲያጠፋው፣
በቦታው እናትህ ገባች።»

ግራ ትከሻዋን ስንነካት ትሸሽ ነበር።
«ብርድ ነው» ትለን ነበር። ብርድ መስሎን ኖርን።
አሁን ስቴላ ዐይን ዐይኔን ታያለች፤
እኔ «እናቴ» የሚለውን ቃል፣ ሕፃን የሚያውቀውን፣
በእንግሊዝኛ አጣሁት።

«ንገራት» አለ አባቴ፣ «እንጨቱ እየተሰነጠቀ ነው።
ቅባት ይፈልጋል።»
ይህን ነገርኳት። ይህ ይቀላል።

ከጓዳ የተልባ ዘይትና ጨርቅ አመጣች።
ተልባ መሆኑን በሽታው አወቀ፤ ራሱን ነቀነቀ።
እሷ ከቀኝ፣ እሱ ከግራ፣
ሳይነጋገሩ ያሹት ጀመር።
እኔ፣
«አትንኩ» የሚለውን ወረቀት ይዤላቸው ቆምኩ።