ትንሽ ይቀረዋል

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ረዳቱ በሩን ከፍቶ «መጨረሻ! በቃ!»
ሲል ከምንወርድበት፣ ብሎክ አርባ ስድስት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና ልጄ ነን፣ ጎንበስ ብለን ካንድ ድስት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከትልቁ ሱቅ በር፣
አፍንጫዋን መስታወት ላይ ለጥፋ ስትቆጥር
(አሥራ ስድስት ቸኮሌት፣ በቀይ ሪባን እስር)
ዋጋውን አነበብኩ። እጇን ይዤ ስበር
«እኛ ቤት እንሠራለን» አልኳት ሳላስበው፤
አፌ ነው የቀደመኝ፣ እጄማ መች ያውቀው?
«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አበው፤
የወለዷት ራሷ ስትሆንስ የምትጠይቀው?

ቅመም ተራ ወርጄ፣ ከበርበሬው ጥግ፣
ሻጩ እያስነጠሰ፣ በላስቲክ፣ በወግ፣
ሩብ ኪሎ ኮኮዋ ቋጠረልኝ።
የዱቄት ወተት ገዛሁ፣ ብስኩት ሁለት እሽግ፣
ኦቾሎኒ፣ የገበታ ቅቤ። ስኳር ከቤት አለኝ።

ሥራው እንኳ ቀላል ነው፣ ሰው ሁሉ ይችለዋል፦
ብስኩቱ በጠርሙስ ይዳመጣል፣ ይደቃል፣
ቅቤው በእንፋሎት፣ በዝግታ ይቀልጣል፣
ወተቱ፣ ኮኮዋው፣ ስኳሩ ይገባል፣
ይማሰላል፣ ይማሰላል፣
ማንኪያው ቀጥ ብሎ ሲቆም ያኔ ይበቃል።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ ጾሙ አልተፈታም።
አርባ ቀን የታገሠ ምላስ ባንድ ማንኪያ አይረታም።
ማስተዋል ግን ሰባቷን ገና አልደፈነችም፤
በርጩማ ላይ ወጣች፣ ሹመቱን አልናቀችም።
ማንኪያውን ላሰችው፤
ጣራውን አየችው፤
«ትንሽ ይቀረዋል።»
ጨመርኩበት። «አሁንስ?»
«ይቀረዋል።»
እንደገና ላሰች፣ ዓይኗን ጨፈን አርጋ፣
ፍርድ ላይ እንዳለ ዳኛ ጉሮሮዋን ጠርጋ፦
«ትንሽ፣ እማ። ትንሽ።»
የጣሳው ቂጥ ሲታይ፣ የስኳሩ ድምፅ ሲቆም፣
«አሁን ግድ የለም» አለች፤ ማንኪያውን ግን አልለቀቀችም።

ይኸኔ መብራት ሄደ።
ከአራተኛ እስከ ምድር አንድ «ኤጭ!» ወረደ።
ፍሪጁ ዝም አለ። ድስቱ ውስጥ ያለው ልውስ
እንደ ሐምሌ ጭቃ ጣት ላይ የሚልከሰከስ።
በረዶ ከየት ይምጣ?
ከየትም አይምጣ!
የኮዬ ሜዳ ንፋስ፣ የታኅሣሥ ቁጣ፣
በረንዳችን ላይ ነው፣ በነፃ የመጣ።
ትሪውን በፎጣ ሸፍነን፣ ከልብስ ገመዱ ሥር
አስቀመጥነው፤ እሷም ጋቢዬን ተከናንባ፣ ከድመት ልትጠብቅ፣ ዘብ ልታድር።

ሙና ሻማ ፍለጋ ከፊት ለፊት መጣች።
«እስኪ አንቺ ቅመሽው፣ አንቺ ጾም የለብሽም» ብላት፣ ቆንጠር አርጋ ዋጠች፤
ዓይኗን አፈጠጠች፦
«ያ ረቢ! የስኳር ፋብሪካ ከፈታችሁ እንዴ?
ጥርሴን!» ስትል፣ በሳቋ ተናወጠ ክንዴ።
ዞር አልኩ። የዳኛዬ ራስ ጋቢ ውስጥ ተቀበረ፤
ከብርድ ይሁን ከሳቅ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበረ።

ጉደታ፣ ጥበቃችን፣ ሲጃራ ያጤሳል፤
የፓኮውን ብርማ ወረቀት ለልጄ ያስቀምጥላታል።
ከትራሷ ሥር አወጣች አንድ ሙሉ ጥቅል፣
በማንኪያ ጀርባ እየዳጠች ሽብሽቡን ስታስተካክል
እኔ አንከባለልኩ፣ በመዳፌ፣ በባትሪ ብርሃን።
ሠላሳ አንድ ቆጠርን።
አንዱ ድንች ይመስላል፣ አንዱ የወንዝ ጠጠር፣
አንዱ ምንም አይመስል፤ አሞግሰነው ነበር።

ሌሊት ከቅዳሴ ስገባ፣ ነጠላዬ ውርጭ ጠጥቶ፣
መብራቱ መጥቶ፣
ቤቱ ሁሉ በርቶ፣
ሙና ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ፣
ልጄ ሶፋው ላይ፣ አገጯ ቡናማ፣ አፏን ከፍታ።
ትሪውን ቆጠርኩ፦ ሃያ ስድስት። ማንን ልጠይቅ? ዝም አልኩ።
ለጉደታ ሦስት፣ ለሙና አራት ብዬ ለየሁ፣
ያን ምንም የማይመስለውን ለራሴ አነሣሁ።

መጀመሪያ ትንባሆ ሸተተኝ፤ ከወረቀቱ ነው።
ቀጥሎ ስኳሩ የመንጋጋ ጥርሴን እንደ መርፌ ወጋው።
ከዚያ ወተቱ መጣ፣ ቀስ እያለ፤
የረሳሁት፣ ከነስሙም የረሳሁት፣ ጉሮሮዬ ላይ ዋለ።
ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቴ ይዤ፣
ለተኛችው ዳኛ፣ በሹክሹክታ፣
«ትንሽ ይቀረዋል» አልኳት፣ ሁለተኛውን መዝዤ።